የሊሻን ውጤት

ብርነሽ ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ ሰፈር ካለ አንድ ትምህርት ቤት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት ከሆዷ ጋር እየተጣላች ነው የኖረችው። ክፍል ውስጥ ቁርጠቱ ሲነሳባት ጠመኔውን ታስቀምጥና "ገጽ አርባ ሁለት ላይ ያለውን ሥሩ" ብላ ትወጣለች። ተማሪዎቿ ለምደውታል። ስትመለስ ፊቷ በላብ ርሶ፣ ከንፈሯ ነጥቶ ያዩዋታል።

አንድ ሳምንት ተቅማጥ፣ ሌላ ሳምንት ድርቀት፤ ሆዷ ተነፍቶ ቀሚሷ የማይዘጋበት ቀንም አለ። ያልታየችበት ክሊኒክ የለም። የሰገራ ምርመራው ንጹሕ፣ ደሟ ደህና፣ አልትራሳውንዱም ምንም የለበትም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ለሕመሟ ስም አወጣለት፦ አይቢኤስ፣ የአንጀት ቁጡነት። ስሙን ይዛ ደስ ብሏት ቤት ስትገባ ባሏ ወንዳፈረው "ታዲያ በምርመራ ምን ታየ?" አላት።

"አይታይም አሉ።"

"የማይታይ በሽታ" አለና ፈገግ አለ።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ወንዳፈረው የመሬት ቀያሽ ነው። በሜትር ካልተለካና ካርታ ላይ ካልሰፈረ ነገሩ አይገባውም። እናቱ እማማ ወለተሥላሴ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። በንጉሡ ጊዜ ባላቸው ለመንግሥት ሥራ ሲመጡ አብረው ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እሳቸው "የዛሬ ልጆች ሆዳችሁን ስታዳምጡት ነው የሚያማችሁ" ይላሉ፤ ያውም ብርነሽ እየሰማች።

ስለ ሆዷ ሳታፍር የምታወራው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር፤ ከሊሻን ጋር። የተዋወቁት መድኃኒት ቤት ነው። ብርነሽ የቁርጠት ክኒን ስትጠይቅ ከኋላዋ የቆመች ሴት "ለኔም እሱኑ" አለች። ዞር ብላ አየቻት። "አንቺም?" "እኔም።" ሁለቱም ሳቁ። ሊሻን ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላት። ባሏ ናስረዲን ሸቀጡን ጭኖ የሾኔንና የዱራሜን ገበያ ያዳርሳል፤ እሷ ሱቁን ትጠብቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ለባሎቻቸው የማይነግሩትን ሁሉ ሲነጋገሩ ኖሩ። ሊሻን ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ድረስ ሰው ሳይሸማቀቅ የሚገባበት መጸዳጃ ቤት የትና የት እንዳለ ታውቃለች። ወደ ወልቂጤ በሚወስደው መንገድ ያለውን የምታውቀው ደግሞ ብርነሽ ናት።

የጥናቱን ወሬ ያመጣችው ሊሻን ናት። ዶክተር ሚክያስ የሚባል የሀደሮ ልጅ፣ አዲስ አበባ የተማረ ሐኪም፣ አይቢኤስ ያለባቸውን አርባ ሰዎችና ሃያ ጤነኞች ይፈልጋል አሉ። አብረው ሄደው ተመዘገቡ። ዶክተሩ ለስለስ ያለ ወጣት ነው። ወረቀት ላይ የአንጀት ግድግዳ ስሎ አስረዳቸው።

"እዚህ ውስጥ ማስት ሴል የሚባሉ የበሽታ መከላከያ ሴሎች አሉ። ጠላት ሲገባ ማንቂያ ደውል የሚደውሉ ዘበኞች በሏቸው። አለርጂ ያለበትን ሰው የሚያስነጥሱትም እነሱ ናቸው። አንዳንድ አይቢኤስ ያለባቸው ሰዎች ላይ ግን ጠላት ሳይኖር የሚደውሉ ይመስላል። ከነርቭ አጠገብ ሲሆኑ ደግሞ ነርቩን ይቆሰቁሱታል። እኛ ናሙና ወስደን እንቆጥራቸዋለን።"

"ከተገኙ ሕመሙ እውነት ነው ማለት ነው?" አለች ሊሻን።

"ሕመሙማ አሁንም እውነት ነው። እኛ የምንፈልገው ከየት እንደሚመጣ ነው።"

ብርነሽ መልሱን በደንብ አልሰማችውም። "እንቆጥራቸዋለን" የሚለው ቃል ልቧን ወስዶታል። የሚቆጠር ነገር! ለወንዳፈረው የሚነገር ነገር ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሆዳቸውን አጥበው፣ ካሜራ ያለው ቱቦ ገብቶ፣ ከየአንጀታቸው ትንንሽ ቁራጭ ተወሰደ። ለሁለት ቀን ተራ በተራ እየተደዋወሉ "ተረፍሽ?" ተባባሉ።

ውጤቱን በታኅሣሥ ወር፣ የግል ውጤታቸውን ማየት ለሚፈልጉ ሰዎች በፖስታ ሰጧቸው። ፖስታውም ወረቀቱም ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ሊሻን አሥራ ሰባት፣ ብርነሽ ሃያ ሦስት። ከሆስፒታሉ ግቢ ሳይወጡ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"የኔንም አንቺ አንብቢልኝ" አለች ሊሻን። "የኔ እንግሊዝኛ ጨርቅ ጫፍ ላይ ከተጻፈው አያልፍም።"

ብርነሽ መጀመሪያ የራሷን ከፈተች። አንድ መስመር ናት። የማስት ሴል ቁጥር፦ በጤነኞች ክልል ውስጥ። ደግማ አነበበችው። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ባዶ ነው። ከዚያ የሊሻንን ከፈተች። ቁጥሩ ከጤነኞቹ አማካይ ከሁለት እጥፍ በላይ፤ ሴሎቹ በነርቭ ጫፎች ዙሪያ የተከማቹ። ከሥሩ ባለ ቀለም ፎቶ አለው። ሐምራዊ መደብ ላይ እንደ ተበተነ ተልባ ቡናማ ነጥቦች ፈሰውበታል።

"ምን ይላል? ምን ይላል?"

"ከሁለት እጥፍ በላይ ይላል። አሉብሽ።"

ሊሻን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "አሉብኝ! አልሐምዱሊላህ፣ አሉብኝ! እብድ አይደለሁም እኮ ብርነሽ!"

"እንኳን ደስ ያለሽ" አለች ብርነሽ። ለበሽታ እንኳን ደስ ያለሽ ይባላል? ግን አለች።

"ያንቺስ?"

"የኔ ደህና ነው ይላል።"

"ጎሽ!" አለች ሊሻን። ወዲያው ግን የጓደኛዋን ፊት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ውይ… አይዞሽ እሺ? ምናልባት ናሙናውን ከሌላ ቦታ ወስደውብሽ ይሆናል።" እጇን ብርነሽ ትከሻ ላይ አሳረፈች። ብርነሽን የከበዳት ያ እጅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እኩል ነበሩ። አሁን አንዷ ታማሚ፣ ሌላዋ የምትታዘንላት ሆነች።

ማታ ወንዳፈረው "ውጤት ወጣ?" ሲላት "ገና ነው" አለችው።

ከዚያ በኋላ ቅናቱ ገባባት። ብርነሽ እስከዚያ ድረስ በሰው ቤት፣ በሰው ልብስ፣ በሰው ልጅ ቀንታ አታውቅም። አሁን ግን በሰው አንጀት ቀናች። ሊሻን ደንበኛ ፊት "ዛሬ ሴሎቼ ተነስተዋል" ስትል አንዳች ነገር ደረቷን ይቧጥጣታል። ሴሎቼ! እንደ በግ ቆጥራ የተረከበቻቸው ይመስል። አንድ ቀን የተማሪ ፈተና እያረመች የደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ ሁለት መደብ አሰመረች። በአንዱ እሷ የታመመችባቸውን ቀኖች፣ በሌላው ሊሻን አመመኝ ብላ የደወለችባቸውን ቀኖች ጻፈች። በአንድ ወር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ አንድ። "የባስኩት እኔ ነኝ" አለች ለብቻዋ። "እኔ ብሼ ሳለ ለሷ ተሰጣት።" ወዲያው አፈረችና ገጹን ቀደደችው። በሚቀጥለው ወር ግን መልሳ አሰመረች።

ሊሻን ምንም አልጠረጠረችም። እንዲያውም ወረቀቷን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችላት። "እያንዳንዱን ቃል በአማርኛ ጻፊልኝ፣ ለናስረዲን ላሳየው" አለቻት። ብርነሽ ቁጭ ብላ ተርጉማ ላከችላት። ፎቶው ስልኳ ውስጥ ቀረ።

በጥር የወንዳፈረው አጎት ልጅ ዶዮገና ላይ ሠርግ ነበራት። ሚኒባሱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በር ላይ ቆመ። እማማ ወለተሥላሴ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ብርነሽ ለብሳ፣ ተቀብታ፣ ጫማዋን አድርጋ መጸዳጃ ቤት ውስጥ እጥፍ ብላለች። ወንዳፈረው በሩን አንኳኳ።

"ብርነሽ! ሰው እየጠበቀ ነው እኮ!"

"ሂዱ። እኔ አልችልም።"

"እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንሆነው? ባለፈው ልቅሶ ቀረሽ፤ አሁን ሠርግ። ሰው ንቀሽው ነው የሚመስለው።"

ብርነሽ ጫማዋን አወለቀች።

"ያ ውጤት የት ደረሰ? ናሙናውን ከሰጠሽ ሦስት ወር ሊሞላው ነው።" ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምንም አላገኙብሽም አይደል?" አለ። ኮቴው ከበሩ ራቀ። ሚኒባሱ ሲነሳ የእማማ ወለተሥላሴ ድምፅ በመስኮት ተሰማ፦ "አልነገርኩህም?"

ያን ቀን ብርነሽ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ዋለች። ስልኳን ከፍታ ነጥቦቹን ስታይ ዋለች። ሰኞ በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳ ፎቶውን በቀለም አሳተመች። ልጅቷ "ይሄ ምንድን ነው፣ ቲቸር?" ስትላት "የኔ ሆድ ነው" አለቻት። ውሸቱ ያን ያህል ቀላል ሆነላት።

ወንዳፈረው ከሥራ ሲመለስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። መነጽሩን አድርጎ፣ እንደ ካርታ ዘርግቶ አነበበው። እንግሊዝኛው ለሱ አያስቸግረውም።

"ከሁለት እጥፍ በላይ" አለ።

"አዎ።"

"እነዚህ ናቸው? እነዚህ ነጥቦች?"

"አዎ።"

"ሆድሽ ውስጥ?"

ሦስተኛውን አዎ አንገቷን ነቅንቃ ነው የመለሰችው። ወንዳፈረው መነጽሩን አወለቀ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። ከተጋቡ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ የአባቱ ቀብር ላይ እንኳ እንዲህ ሲያለቅስ አላየችውም። "በሩን አንኳኩቼ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ?" አለ። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ እየሆንሽ፣ እኔ…" ብሎ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። በማግስቱ ጠዋት እማማ ወለተሥላሴ ራሳቸው የሠሩትን የአጃ ሾርባ በሳህን ይዘው መጡ። "ልጄ፣ አላወቅሁም" አሉ፤ ዓይን ዓይኗን ሳያዩ።

ቤቱ ተለወጠ። ወንዳፈረው ማለዳ ተነስቶ ውኃ ያፈላል። "ዛሬ እንዴት አደርሽ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ጠይቆም መልሱን ቆሞ ይሰማል። ከዚያ ደግሞ ብርነሽን ያስደነገጣት ነገር መጣ። ሆዷ ዝም አለ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ስምንት ቀን። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስምንት ተከታታይ ቀን እንዲህ ሆኖላት አያውቅም። ደስታ መሆን ሲገባው እሷ ፈራች። "ስለዚህ እውነትም በጭንቅላቴ ነው ማለት ነው" እያለች ከራሷ ጋር ተሟገተች። "ሊሻን የምር ታማሚ፣ እኔ ሐሰተኛ።"

በዘጠነኛው ቀን ወንዳፈረው ለሚስቱ ልብስ ሊገዛ ወደ ሊሻን ሱቅ ጎራ አለ። የሚስቱ ጓደኛ መሆኗን ስለሚያውቅ ቀለሙን እሷ ብትመርጥለት ብሎ ነው። ሊሻን ጨርቁን እየለካች ሳለ "ስለ ብርነሽ ውጤት ሰምተሻል መቼም" አላት። ከኪሱ የታጠፈውን ወረቀት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። "እኔ ሰበብ ይመስለኝ ነበር። እይው፣ ይሄን ሁሉ ተሸክማ ነው የኖረችው።" ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። ሊሻን ነጥቦቹን አወቀቻቸው። ጥግ ላይ ያለውን አሥራ ሰባት ቁጥርም አየች። ሦስት ሜትር ቆርጣ፣ አጥፋ ሰጠችው።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ሊሻን ትምህርት ቤት መጣች። መጥታ አታውቅም። ብርነሽ ከመምህራን ክፍል ወጥታ ስታያት ገና ከሩቁ ገባት። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ሰው በሌለበት ቆሙ።

"ያንቺ ቁጥር ስንት ነበር?" አለች ሊሻን።

"ሃያ ሦስት።"

"አሥራ ሰባት የማን ነው?"

"ያንቺ ነው። ሊሻንዬ፣ እኔ…"

"ቆይ። ልናገር።" ሊሻን የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። "ናስረዲን ወረቀቱን ሳሳየው ምን እንዳለ አልነገርኩሽም። አፍሬ ነው። የጻፍሽልኝን አማርኛ አነበበው። 'መድኃኒት አዘዙልሽ?' አለኝ። 'ገና ምርምር ላይ ናቸው' አልኩት። 'ታዲያ ምን ይፈይድልናል?' አለና የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠበት። በቃ። እስካሁን ድረስ ወረቀቴ ላይ የብርጭቆ ክብ አለበት።"

"አላወቅሁም።"

"ትናንት ባልሽ መጣ። የኔን አንጀት ባንኮኒዬ ላይ ዘርግቶ ላንቺ አለቀሰ። እኔ ቆሜ ጨርቅ እየለካሁ። በኔ ነጥቦች፣ ብርነሽ! የሰረቅሽኝ ወረቀት አይደለም፤ ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል? ግን ያ ዕንባ የኔ ነበር። አድራሻውን የሳተ መሰለኝ። ልቆጣሽ ነው የምሄደው ብዬ ከቤት ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ሳስበው ግን ቁጣ አይደለም። ቅናት ነው። ቀናሁብሽ።"

"እኔ ነኝ የቀናሁብሽ" አለች ብርነሽ። "ከዚያች ወንበር ከተነሳን ጀምሮ።"

"በምኔ? በተቅማጤ?"

"በነጥቦችሽ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ሊሻን ግን አልሳቀችም። "እኔ ለባልሽ አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም" አለችና ሄደች። ደወሉ ሲደወል ብርነሽ ክፍል ገብታ አስተማረች። ምን እንዳስተማረች እስከ ዛሬ አታውቅም።

ማታ ለወንዳፈረው ሁሉንም ነገረችው። የራሷን ወረቀትም ከመጽሐፍ መሐል አውጥታ ሰጠችው። አንዷን መስመር አንብቦ ቀና አለ።

"እና ጤነኛ ነሽ?"

ለአሥራ አንድ ዓመት የፈራችው ጥያቄ ይኸው ነበር። "አይደለሁም" አለች። "ያመኛል ወንዴ። ማስረጃ የለኝም እንጂ ያመኛል።"

"በሰው ሕመም ነው ያስለቀስሽኝ" አለና ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች ከሰላምታ በቀር አላናገራትም። ለእናቱ ምን እንዳላቸው አይታወቅም፤ የአጃ ሾርባው ግን ቀረ። ሕመሙም ተመለሰ፤ አመጣጡም የከፋ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ሳለች የወንዳፈረውን ኮቴ ከበሩ ውጭ ሰማች። አላንኳኳም፤ አልሄደምም። ቆመ። ብዙ ቆየ። ስትወጣ እዚያው ነበር። ፊቷን አየው፤ ነጭ ከንፈሯን፣ ግንባሯ ላይ ያቸፈቸፈውን ላብ። ይህን ፊት ስንት ጊዜ አይቶት ይሆናል፤ ያን ቀን ግን ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ነው ያየው።

"ሰኞ ዶክተሩ ጋ እንሂድ" አለ።

ዶክተር ሚክያስ ያደረገችውን ከራሷ አፍ ሲሰማ አልተቆጣም። ደነገጠ እንጂ። "ጥፋቱ የኔም ነው" አለ። "ውጤቱን ስሰጣችሁ በደንብ ማስረዳት ነበረብኝ።" ወንበሩን አቀረበ። "ወይዘሮ ብርነሽ፣ ሒሳብ መምህርት ነዎት አይደል? እኛ ያወዳደርነው አማካይ ነው። የአርባዎቹ ሕመምተኞች አማካይ ከሃያዎቹ ጤነኞች አማካይ ከፍ ይላል። ከአርባዎቹ ውስጥ ግን አሥራ ስድስቱ ሰዎች ቁጥራቸው ከጤነኞቹ አይለይም። ከጤነኞቹ ደግሞ ሦስቱ እንደ ሕመምተኛ ከፍ ያለ ቁጥር አላቸው፤ ሆዳቸውን አሟቸው አያውቅም።"

ብርነሽ ጆሮዋ ጋለ። የክፍሉ አማካይ ሰባ ነው ማለት እያንዳንዱ ተማሪ ሰባ አመጣ ማለት እንዳልሆነ በየዓመቱ የምታስተምረው እሷው ናት።

"ታዲያ ወረቀቱ ምን ያረጋግጣል?" አለ ወንዳፈረው።

"ስለ አንድ ሰው ብዙም አያረጋግጥም። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ሴሎቹ የሚያመነጩት ነገር ሊበዛ ይችላል፤ እሱን ገና አልለካንም። ነርቩ ራሱ ስሱ ሊሆን ይችላል። ይህን ሕመም የምንለየው ታማሚዋ ከምትነግረን ነገር ነው። ሌላ በሽታ እንዳልሆነ እናጣራለን፤ ከዚያ የምትለንን እናምናለን።"

ብርነሽ ስትፈራው የነበረውን አወጣች። "በዋሸሁበት ሰሞን ስምንት ቀን ሆዴ ዝም አለ። ይሄ በጭንቅላቴ ነው ማለት አይደለም?"

"አንጎልና አንጀት ቀን ከሌት የሚነጋገሩ ናቸው። ጭንቀት እነዚያን ሴሎች ሊቀሰቅሳቸው እንደሚችል እናውቃለን። በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ?"

ብርነሽ ወደ ባሏ ላለማየት ታገለች። ወንዳፈረው መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ዶክተሩ የምግብ ማስታወሻ እንድትይዝ ነገራት፤ የሚያባብስባትን እየለየች እንድትተውም መከራት፤ ለቁርጠቱም ሌላ መድኃኒት ጻፈላት። የሚያድን ነገር ግን ቃል አልገባላትም።

በባጃጅ ተመለሱ። አስፋልቱ ሲያልቅ ወንዳፈረው "ውኃ ስላፈላሁልሽ ነው?" አላት።

"ይሆናል። እንዴት አደርሽ ስላልከኝም ይሆናል።"

"እሱንማ ያለ ወረቀትም ማለት እችል ነበር" አለ። ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም። በማግስቱ ጠዋት ግን ውኃው ተፈልቶ ጠበቃት።

ከሊሻን ጋር ያለው ግን በዚህ አልተጠገነም። ብርነሽ አምስት ጊዜ ደወለች፤ አልተነሳም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ናስረዲን ከገበያ መመለሱን አረጋግጣ ሱቁ ሄደች። ባልና ሚስት ባንኮኒው ኋላ ተቀምጠው ነበር። ሊሻን ስታያት ፊቷን ወደ መደርደሪያው መለሰች።

"ወረቀትሽን ስጪኝ" አለች ብርነሽ። "ለናስረዲን ላንብብለት።"

"አንብቦታል።"

"እኔ ላንብብለት።"

ሊሻን ትንሽ አቅማማችና ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠቻት። ብርነሽ ቆማ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታስረዳው አድርጋ፣ ስለ ዘበኞቹና ስለ ደውሉ፣ ስለ ነርቩ ተናገረች። አልደበቀችም፤ ዶክተሩ ስለ አማካዩ ያለውንም ነገረችው። "ስለዚህ ወረቀቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም" አለች። "የኔ ወረቀት ጤነኛ ይለኛል፤ እኔ ግን ከሊሻን ብሼ እንጂ አንሼ አልታመምም። የሚናገረው የሚያመው ሰው ነው። እሷን ጠይቃት ናስረዲን።"

ናስረዲን እጁን አገጩ ላይ አደረገ። ሸካራ ድምፅ ያለው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። "አምና ሾኔ ስንሄድ" አለ በመጨረሻ፣ ለሚስቱ። "መኪናውን ያስቆምሽበት ቀን። ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም እኔም አብሬ የጮህኩብሽ።"

"እ?"

"ያን ቀን ይሄ ነበር?"

"ይሄ ነበር።"

"አልነገርሽኝማ።"

"ነግሬሃለሁ። 'ትንሽ ቻይው' አልከኝ።"

ናስረዲን አላለቀሰም። አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ የተቀመጠበትን በርጩማ ጎትቶ ከሷ አጠገብ አደረገውና "ሜዳ ላይ ነበር የወረድሽው" አለ፤ "አንድ ዛፍ እንኳ የሌለበት። ምን አደረግሽ?" ሊሻን መናገር ጀመረች። በጉራጊኛ ነበር የምታወራው፤ ብርነሽ ቃሉ አልገባትም። ግን ረዥም ነበር፤ እሱም አላቋረጣትም።

ብርነሽ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ትታ ወጣች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር የመጣችው፤ ደስም ብሏታል። ግን ገበያውን ሳትሻገር ያ የምታውቀው ነገር ደረቷን ቧጠጣት። ሊሻን ሳትዋሽ ተጠየቀች። እሷ ግን እስክትጠየቅ ድረስ መዋሸት ነበረባት። ይህን አሰበችና በራሷ ተናደደች፤ ተናዳም መንገዷን ቀጠለች።

ሊሻን ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለች። ስለ ወረቀቱ አላነሳችም። ምስር ሲበላ እሷንም ይነፋት እንደሆነ ጠየቀቻት። ብርነሽ እንደሚነፋት ነገረቻት። አሁን ይነጋገራሉ፤ እንደ ድሮው በየቀኑ ባይሆንም። አንዷ ባሏ ያደረገላትን ስታወራ ሌላዋ ትንሽ ዝም ትላለች፤ ሁለቱም ዝምታው ምን እንደሆነ ያውቁታል።